ከቅዳሴና ከጁምዓ በኋላ፦ በአሜሪካ ያለ ቤተ እምነት የአባላቱን ድምፅ የሚጠብቅበት መንገድ

በአሜሪካ በሚገኝ የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጂድ አዳራሽ የመራጮች መመዝገቢያ ጠረጴዛ ሲዘረጋ መጀመሪያ መታሰብ ያለበት መመዝገብ የማይችለው ሰው ነው። ዜግነት የወሰደው፣ ግሪን ካርድ የያዘው፣ ጥገኝነት ጠይቆ ቀጠሮ የሚጠብቀው፣ በተማሪ ቪዛ የመጣው፣ ሁሉም እዚያው አዳራሽ ጎን ለጎን ይቆማል። ማን ምን ወረቀት እንደያዘ አይታወቅም፤ መታወቅም የለበትም።

ዜጋ ያልሆነ ሰው የምዝገባ ቅጽ ሞልቶ ሲፈርም "የአሜሪካ ዜጋ ነኝ" ብሎ እያረጋገጠ ነው። ውሸት መሆኑን እያወቀ ያደረገ እንደሆነ በፌደራል ሕግ ወንጀል ነው። በየዋህነት የፈረመም ቢሆን ጉዳዩ ለዜግነት ያመለከተ ዕለት ይነሣበታል፤ ከአገር እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። ይህ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ተንኮል ባሰበ ሰው ላይ አይደለም። "ፈርሚ እማማ፣ ለሁሉም ነው" ስትባል ቤተ ክርስቲያኗን አምና የፈረመች ሴት ላይ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በሁለት ነገር ላይ ይቆማል፦ መምረጥ የማይችለውን ከጉዳት መጠበቅ፣ የሚችለው ደግሞ ድምፁ በሰበብ እንዳይቀር መጠበቅ።

ሰውን ሳያሳፍሩ መለየት

ሰው በተሰበሰበበት ጮክ ብሎ "ሲቲዝን ነሽ?" ማለት አይሠራም። አንዳንዱ አፍሮ "አዎ" ይላል፣ ሌላው ተቀይሞ ዳግም ወደ አዳራሹ አይመጣም። የሚሠራው በትልልቅ ፊደል የታተመ ካርድ ነው። የጉባኤው ሰው የሚያነበው ቋንቋ አማርኛ ብቻ ካልሆነ በትግርኛና በአፋን ኦሮሞም ይታተም። ካርዱ ላይ ሦስት ጥያቄ ብቻ ይኑር፦ የዜግነት ቃለ መሐላ ፈጽመዋል ወይስ ዜጋ ሆነው ተወልደዋል? በምርጫው ቀን 18 ዓመት ይሞላዎታል? የሚኖሩት በዚህ ስቴት ነው? ለሦስቱም በልቡ "አዎ" ያለ ቅጽ ይጠይቃል። አንዱን እንኳ "አይደለም" ወይም "እርግጠኛ አይደለሁም" ያለ ካርዱን አስቀምጦ ይሄዳል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቀው አይኖርም። ማንበብ ለሚቸግራቸው አንድ ሰው ፈንጠር ብሎ በዝግታ ያንብብላቸው። ቅጹ ላይ "ዜጋ ነዎት?" የሚለውን ሳጥን ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ብቻ ምልክት ያድርግበት፤ በጎ ፈቃደኛ እጁን እዚያ ላይ አያሳርፍ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ቃለ መሐላው ነው። የዜግነት ኢንተርቪውን አልፎ "እንኳን ደስ ያለህ" የተባለ ሰው መሐላውን እስኪፈጽም ድረስ ዜጋ አይደለም። በኢንተርቪውና በመሐላው መካከል ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ምርጫ በመካከሉ ከወደቀ ያ ሰው አይመዘገብም። በልጅነታቸው የመጡ ወጣቶችም አሉ። በ2000 በወጣው ሕግ መሠረት ግሪን ካርድ ያለው ልጅ 18 ዓመት ሳይሞላው፣ ዜጋ ከሆነ ወላጁ ጋር በሕጋዊ አሳዳጊነቱ ሥር እየኖረ ከተገኘ በራሱ ዜጋ ይሆናል። ወላጁ የማለው ልጁ 18 ከሞላው በኋላ ከሆነ ግን አይሆንም። ወጣቱ ፓስፖርት ወይም የዜግነት ሰርተፊኬት በእጁ ከሌለ "እርግጠኛ አይደለሁም" ከሚሉት ወገን ይቆጠር።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያሉ ቤተ እምነቶች ተጨማሪ ጥንቃቄ አለባቸው። በሜሪላንድ ታኮማ ፓርክ ከተማ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ ለከተማው ምርጫ ብቻ ድምፅ መስጠት ከጀመረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ዲሲም በ2022 ባወጣው ሕግ ለአካባቢ ምርጫ ፈቅዷል። ይህ ፈቃድ ለፕሬዚዳንት፣ ለኮንግረስ ወይም ለስቴት ምርጫ አይሠራም። የዜግነት ማመልከቻው፣ ኤን-400 የሚባለው ቅጽ፣ ስለ ምዝገባና ስለ ምርጫ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ግሪን ካርድ ያለው ሰው በነዚህ ቦታዎች እንኳ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክር እንዳይመዘገብ ምከሩት።

መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ዲኤምቪ የሚባለው፣ ወጥመድ አለበት። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ ማሽኑ ወይም ሠራተኛዋ "ለመምረጥ መመዝገብ ይፈልጋሉ?" ብለው ይጠይቃሉ። በብዙ ስቴቶች ጥያቄው ከሌሎች ጥያቄዎች ጋር ተደርድሮ ስለሚመጣ "የስ፣ የስ" እያለ የሚያልፍ አለ። ይህን በማስታወቂያ ሰዓት በዓመት ሁለቴ መናገር ብቻውን ብዙ ሰው ያድናል። "ተሳስቼ ተመዝግቤአለሁ" የሚል ሰው ከመጣ እናንተ ወደ ምርጫ ቢሮ አትደውሉ፣ ደብዳቤም አትጻፉለት፣ ጉዳዩን በዋትሳፕ ግሩፕ አታንሡ። መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ዘንድ ይሂድ፤ የምዝገባው መሰረዝ በጠበቃው ምክር ይፈጸማል።

ማይክራፎኑ ምን ይበል

ከግብር ነጻ የሆነ ቤተ እምነት፣ በሕጉ ቁጥር 501 ሲ 3 የሚባለው፣ ለዕጩ መቀስቀስም ሆነ በዕጩ ላይ መቀስቀስ የተከለከለው ከ1954 ጀምሮ ነው። በአንጻሩ ሰውን ማስመዝገብ፣ የምርጫ ቀን ማሳወቅ፣ ወደ ጣቢያ ማድረስ፣ ስለ ምርጫ አሠራር ማስተማር ለማንም ሳያዳሉ እስከተሠራ ድረስ ይፈቀዳል። የግብር መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ በ2007 ያወጣው መመሪያ 21 ምሳሌዎችን ይዘረዝራል፤ ከሰበካ ጉባኤው ወይም ከመስጂዱ ቦርድ አንድ ሰው አንብቦ ለሌሎቹ ቢያስረዳ ግማሹ ክርክር ያልቃል። መዘዙ እውነተኛ ነው። በኒው ዮርክ ስቴት ቢንግሃምተን አካባቢ የምትገኝ አንዲት ቤተ ክርስቲያን በ1992 ምርጫ ዋዜማ ቢል ክሊንተንን የሚቃወም ማስታወቂያ በጋዜጣ አወጣች፤ በ1995 ከግብር ነጻ መሆኗ ተሰረዘ፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2000 አጸናው።

በጁላይ 2025 አይአርኤስ በቴክሳስ በተከፈተ ክስ ላይ፣ ሰባኪ በአምልኮ መካከል ለራሱ ጉባኤ ከእምነቱ አንጻር ስለ ዕጩ ቢናገር ክልከላው አይመለከተውም የሚል አቋም ለፍርድ ቤት አቅርቧል። ያ አቋም ሕጉን አልሻረውም። ቢሻርም እንኳ ምክራችን አይለወጥም። የእኛ ጉባኤዎች በአገር ቤት ፖለቲካ ስንት ጊዜ ለሁለት እንደተከፈሉ ሁሉም ያውቃል፤ በዚያ ላይ የአሜሪካን ፓርቲ መጨመር ጠረጴዛውን የአንድ ወገን ያደርገዋል፣ ያኔ የሌላው ወገን ሰው ሊመዘገብ አይመጣም።

በተግባር ድንበሩ እንዲህ ይሠመር። ቄሱ፣ መጋቢው ወይም ኢማሙ እንደ ግለሰብ፣ ከአገልግሎቱ ውጭ፣ በራሱ ስምና በራሱ ገንዘብ የፈለገውን መደገፍ ይችላል። የቤተ እምነቱ ማይክራፎን፣ የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ፣ የስልክ ዝርዝር፣ ገንዘብና አዳራሽ ግን ለዕጩ አይውልም። ዕጩ ንግግር ላድርግ ብሎ ከመጣ ለዚያው ወንበር የሚወዳደሩት ሁሉ በጽሑፍ ይጠሩ፤ እኩል ደቂቃና ተመሳሳይ ጥያቄ ይሰጣቸው፤ የተጠራው ባይመጣ የጥሪው ደብዳቤ ይቀመጥ። ከሁሉ የሚዘነጋው ከድረ ገጹ የሚወጣው ሊንክ ነው፤ ለዕጩ ገጽ ሊንክ ማድረግም እንደ ድጋፍ ሊቆጠር ይችላል።

የዝግጅቱ ጊዜ

አጠቃላይ ምርጫ የሚውለው በኖቬምበር ከመጀመሪያው ሰኞ ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ ነው፤ የ2026ቱ ኖቬምበር 3 ነው። በ1993ቱ የምዝገባ ሕግ መሠረት ለፌደራል ምርጫ የምዝገባ ማብቂያ ከምርጫው ከ30 ቀን በላይ ቀድሞ ሊሆን አይችልም። ለእኛ ይህ የተመቸ ነው፦ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11፣ መስቀል ደግሞ ሴፕቴምበር 27 ስለሚውሉ ሁለቱም ማብቂያው ሳይደርስ ይመጣሉ፤ በዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣው ሰው እንኳ ያኔ ይገኛል። ጠረጴዛውን እንቁጣጣሽ ላይ ዘርጉ፣ መስቀል ላይ ድገሙት። መስጂድ ከሆነ በሴፕቴምበር ያሉት አራት ጁምዓዎች ይበቃሉ፤ ሰው ወደ ሥራ ስለሚሮጥ ጠረጴዛው ከሶላት በፊትም በኋላም መውጫው በር አጠገብ ይሁን።

ሦስት መቶ ያህል ቤተሰብ ላለው ጉባኤ ከስድስት እስከ ስምንት ሰው በቂ ነው። ከነዚህ ሁለቱ ከሰንበት ትምህርት ቤት ወይም ከመስጂዱ ወጣቶች፣ እዚሁ አድገው እንግሊዝኛውን የሚያቀላጥፉ ይሁኑ። አንዱ የስቴቱን ሕግ ብቻ ይከታተል፤ ይህን ሥራ ከሌላ ጋር አትደርቡበት። ምክንያቱም ቅጽ መሰብሰብ በየስቴቱ የተለያየ ነው። በቴክሳስ ሰው የሚያስመዘግብ በካውንቲው የተሾመ በጎ ፈቃደኛ መሆን አለበት፣ ቅጹንም በ5 ቀን ውስጥ ያስረክባል። በቨርጂኒያ 25 ወይም ከዚያ በላይ ቅጽ ከመንግሥት የሚወስድ ቡድን መመዝገብና ሥልጠና መውሰድ ይጠበቅበታል፤ ማስረከቢያው 10 ቀን ነው። ፍሎሪዳ ቅጣቱ ከባድ ስለሆነ እዚያ ያለ ቤተ እምነት ቅጽ ባይሰበስብ ይሻላል። ሰዉ በራሱ ስልክ ይመዝገብ፣ እናንተ አጠገቡ ቁሙ።

በራስ ስልክ መመዝገብ በሚፈቀድበት ስቴት ሁሉ ይህ የተሻለ ነው። ቮት ዶት ጎቭ (vote.gov) በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ስቴቱን ሲመርጡ ወደ ትክክለኛው ገጽ ይወስዳል። የቤተ ክርስቲያኑን ታብሌት አትጠቀሙ፤ የሰው የልደት ቀንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ማሽኑ ላይ ሊቀር ይችላል። የወረቀት ቅጽ ከሰበሰባችሁ ፎቶ አታንሡ፣ ኮፒ አታድርጉ። በቁልፍ በሚዘጋ ሣጥን ይግባ፤ በመዝገብ ላይ የቀኑና የቅጾቹ ብዛት ብቻ ይጻፍ፤ ሁለት ሰዎች አብረው ያስረክቡ፣ ደረሰኝ ይቀበሉ። በመኪና ውስጥ የተረሳ ቅጽ ማለት "ተመዝግቤአለሁ" ብሎ ጣቢያ የሚሄድና ስሙን የሚያጣ ሰው ማለት ነው።

ስም፣ የልደት ቀን፣ ፊርማ

የሐበሻ ቅጽ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በነዚህ ሦስት መስመሮች ላይ ነው።

የእኛ ስም የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። በአንዱ ወረቀት የአባት ስም የመጨረሻ ስም ይሆናል፣ በሌላው የአያት። የአንዳንዱ ሙሉ ስም በአንድ መስመር ገብቶ የመጀመሪያ ስሙ "ኤፍኤንዩ" ተብሎ ቀርቷል፤ የመጀመሪያ ስሙ አይታወቅም ማለት ነው። አጻጻፉም ይለያያል፦ ፀሐይ በመንጃ ፈቃዱ ላይ በ"ቲ" እና "ኤስ"፣ በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ በ"ኤስ" ብቻ ልትሆን ትችላለች። ምዝገባው የሚጣራው የመንጃ ፈቃድ ቁጥርን ወይም የሶሻል ሴኩሪቲን የመጨረሻ አራት አሐዞች ከመዝገብ ጋር በማስተያየት ስለሆነ አንድ ፊደል ያሰናክላል። በ2018 በጆርጂያ ወደ 53 ሺህ የሚሆኑ ምዝገባዎች በእንጥልጥል መቆየታቸው ሲዘገብ የብዙዎቹ ምክንያት ይኸው የመረጃ አለመገጣጠም ነበር። ስለዚህ ሰዉ ስሙን ከአእምሮው አይጻፍ። መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያኑር፣ ፊደል በፊደል እያየ ይገልብጥ። ቁጥሩ የመንጃ ፈቃድ ከሆነ ስሙም የመንጃ ፈቃዱ ይሁን፤ ቁጥሩ የሶሻል ሴኩሪቲ ከሆነ ስሙም የዚያው።

የልደት ቀንም እንዲሁ። ወረቀቱ ላይ ጃኑዋሪ 1 የተጻፈላቸው ብዙ ናቸው፤ እውነተኛውን ቀን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ላስተካክል ሲል ምዝገባው ይወድቃል። መታወቂያው ላይ ያለው ይጻፍ፤ የሚታረም ካለ በሶሻል ሴኩሪቲና በዲኤምቪ ይታረማል እንጂ በምርጫ ቅጽ አይደለም። ወር ይቀድማል፣ ቀን ይከተላል፤ 09/03 ማለት ሴፕቴምበር 3 ነው።

ፊርማን ማንም አያስብበትም። በፖስታ ድምፅ የሚሰጥ ሰው ፖስታው ላይ ይፈርማል፤ ፊርማ በሚያስተያዩ ስቴቶች፣ ለምሳሌ በዋሽንግተን ስቴት፣ በኮሎራዶና በካሊፎርኒያ፣ ያ ፊርማ መዝገብ ላይ ካለው ጋር ይነጻጸራል። መንጃ ፈቃዱ ላይ በአማርኛ ፊደል "አልማዝ" ብላ የፈረመች፣ ፖስታው ላይ ግን ልጇ "በእንግሊዝኛ ነው እንጂ" ብሏት በላቲን ከጻፈች ድምፅዋ ይመለሳል። በፊደል መፈረም ምንም ነውር የለበትም። ዋናው ነገር ሁለቱ አንድ መሆናቸው ነው።

ከተመዘገቡ በኋላ

ምዝገባ አንዴ ተደርጎ የሚረሳ አይደለም። አፓርታማ የቀየረ ሰው አድራሻውን እንደገና ያስመዘግባል። ዜግነት የወሰዱ ሰዎች ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው፦ ዲኤምቪ ላይ ያለው መረጃቸው ግሪን ካርድ በነበራቸው ጊዜ የተመዘገበ ነው። በ2019 መጀመሪያ የቴክሳስ ባለሥልጣናት ወደ 95 ሺህ የሚጠጉ መራጮች "ዜጋ ላይሆኑ ይችላሉ" ብለው ዝርዝር አወጡ። መረጃው አሮጌ የመንጃ ፈቃድ መዝገብ ስለነበር በሺህ የሚቆጠሩት ዜግነት የወሰዱ ሰዎች ሆነው ተገኙ፤ ክስ ቀርቦ በዚያው ዓመት አሠራሩ ቆመ። መከላከያው ቀላል ነው፦ በማለ ሰሞን የዜግነት ሰርተፊኬቱን ይዞ ሶሻል ሴኩሪቲና ዲኤምቪ ሄዶ መረጃን ማስለወጥ። ጉባኤው አዲስ ዜጎችን "እንኳን ደስ አላችሁ" ሲል ይህንም አብሮ ይንገራቸው።

ከምርጫው 60 ቀን በፊት ሁሉም ስሙን በስቴቱ ድረ ገጽ ይፈትሽ። ከምርጫ ቢሮ የሚመጣ ፖስታ ካርድ ማስታወቂያ መስሎ ይጣላል፤ ሳይመለስ ከቀረና ሰውዬው ተከታታይ ሁለት የፌደራል አጠቃላይ ምርጫዎች ሳይመርጥ ካለፈ ስሙ በሕግ ሊወጣ ይችላል። አንድ እሑድ "ያልገባችሁን ፖስታ ይዛችሁ ኑ" የሚባልበት ቀን አድርጉት።

ድምፅ መስጫው ውስጥ አብሮ መግባት

በአሜሪካ ያለ የአማርኛ ተናጋሪ ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት መብት ይህ ነው። የመራጮች መብት ሕግ በ1975 የቋንቋ እርዳታ ሲጨመርበት ለስፓኒሽ፣ ለእስያ፣ ለአሜሪካ ሕንዶችና ለአላስካ ተወላጆች ቋንቋዎች ብቻ ነበር። አማርኛ ተናጋሪው ምንም ያህል ቢበዛ በዚያ አንቀጽ አይገባም። ዲሲ በ2004 ባወጣው የራሱ ሕግ በአማርኛ ያገለግላል፤ የሚኒሶታ ስቴትም የመራጮች መረጃን በአማርኛ ያዘጋጃል። በሌላው ቦታ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ እንግሊዝኛ ነው ብላችሁ ተዘጋጁ።

በ1982 የተጨመረው አንቀጽ 208 ግን ለሁሉም ነው። ማየት የተሳነው፣ አካል ጉዳት ያለበት፣ ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል መራጭ ራሱ የመረጠውን ሰው ይዞ መግባት ይችላል፤ እንግሊዝኛ ማንበብ አለመቻልም በዚህ ይታያል። የማይፈቀድላቸው የመራጩ ቀጣሪ ወይም የቀጣሪው ወኪል፣ እንዲሁም የሠራተኛ ማኅበሩ ኃላፊ ወይም ወኪል ናቸው። ስለዚህ የሬስቶራንት ባለቤት አስተናጋጁን አይረዳም፤ ልጅ እናቱን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ይረዳል። በ2014 በቴክሳስ ዊሊያምሰን ካውንቲ አንዲት የቤንጋሊ ቋንቋ ተናጋሪ እናት ልጇን ይዛ ብትሄድ፣ ልጁ በዚያ ካውንቲ የተመዘገበ አይደለም ተብሎ ተከለከለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2017 የስቴቱ ገደብ ከአንቀጽ 208 ጋር ይጋጫል ብሎ ወሰነ።

የመራጮች መብት ሕጉ ራሱ የተወለደው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። ማርች 7 ቀን 1965 ለጥቁሮች የመምረጥ መብት የወጡ ሰልፈኞች በሴልማ፣ አላባማ ከብራውን ቻፕል ቤተ ክርስቲያን ተነሥተው ድልድዩ ላይ ተደበደቡ። በቀጣዮቹ ቀናት የግሪክ ኦርቶዶክሱ ሊቀ ጳጳስ ያኮቮስና ረቢ አብርሃም ሄሼል ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጎን ለመቆም ሴልማ ድረስ ሄዱ፤ ሕጉ ኦገስት 6 ተፈረመ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መራጯ በር ላይ "ረዳት ይዤ ነው የመጣሁት" የሚል አጭር የእንግሊዝኛ ወረቀት ታሳይ። ረዳቱ ቅጽ እንዲፈርም ወይም እንዲምል ሊጠየቅ ይችላል፤ መታወቂያ ይያዝ። ውስጥ ገብቶ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሁሉ በአማርኛ ያነብባል፣ የተባለውን ብቻ ምልክት ያደርጋል፣ የሆነውን መልሶ ያነብባል። "ይሄኛው ይሻላል" ማለት ክልክል ነው። ከስሞቹ ይልቅ የሚያስቸግሩት ሕዝብ የሚወስንባቸው የቦንድና የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጥያቄዎች ናቸው፤ እንግሊዝኛቸው ጠማማ ስለሆነ "አዎ" ያለው ሰው የተቃወመ ሆኖ ይገኛል። ናሙናው ወረቀት ከምርጫው በፊት ስለሚወጣ ሁለት ሰው ተቀምጦ ትርጉሙን ያዘጋጅ፣ ሦስተኛ ሰው ያርመው፤ "አዎ ማለት ምን ያደርጋል፣ አይ ማለት ምን ያደርጋል" የሚል አንዳንድ መስመር ይበቃል።

የምርጫው ቀን

ሰዓቱን በአማርኛ ስታውጁ ተጠንቀቁ። "ጣቢያው በ8 ይዘጋል" ሲባል እናቶች ከቀኑ 8 ሰዓት መስሏቸው ይቀራሉ። በሜሪላንድ የሚዘጋው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ በአሜሪካ አቆጣጠር 8 ፒኤም። ቨርጂኒያ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ 6 ኤኤም እስከ 7 ፒኤም። ሁለቱንም ጻፉ፣ ቀኑንም ከነስሙ። ሲዘጋ ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ተራውን ጠብቆ የመምረጥ መብት አለው፤ "ተዘግቷል" ብሎ የሚያባርር ቢኖር አይውጣ።

የጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናት ከእሑድ አምልኮ በኋላ ምእመኑን በአውቶቡስ ወደ ቅድሚያ ድምፅ መስጫ የመውሰድ የቆየ ልማድ አላቸው። ስቴታችሁ እሑድ የሚከፍት ከሆነ ይህ ከማክሰኞው ይሻላል፤ የታክሲና የነርሲንግ ሆም ሠራተኛ ማክሰኞ አያገኝም። አንድ ባለ 12 መቀመጫ ቫን በአንድ ከሰዓት ከሁለት ዙር በላይ አትመኑበት፤ የሰልፉ ርዝመት አይታወቅም። መኪናው ለማንኛውም ሰው ይሁን፣ ማንን እንደሚመርጥ አይጠየቅ። ምሳ ካለ ለመረጠም ላልመረጠም ነው፤ በፌደራል ምርጫ ድምፅን በክፍያ ወይም በስጦታ ማግኘት ወንጀል ነው።

ጣቢያ አካባቢ ርቀት ጠብቁ። ቅስቀሳ የተከለከለበት ክልል በቨርጂኒያ 40 ጫማ፣ በዲሲ 50፣ በብዙ ስቴቶች 100 ነው። በጆርጂያ በ2021 የወጣው ሕግ ከጣቢያው 150 ጫማ ውስጥ ለተሰለፈ ሰው ውኃ እንኳ ማደል ይከለክላል። ግጭት ይነሣል ተብሎ በሚሰጋበት ጣቢያ ቀሳውስት፣ ኢማሞችና ረቢዎች ከነልብሳቸው ከክልሉ ውጭ ጥንድ ጥንድ ሆነው መቆማቸው ሰውን ያረጋጋል። ሥራቸው መታየትና ማረጋጋት ነው፤ ከሚጮህ ሰው ጋር አይከራከሩ፣ የመራጭን ፊት ቪዲዮ አይቅረጹ።

ስም ከዝርዝሩ ከጠፋ መጀመሪያ ትክክለኛው ጣቢያ መሆኑ ይረጋገጥ፣ ሌላው የስም አጻጻፍም ይፈለግ፤ በአባት ስም ያጣችሁት በአያት ስም ይገኝ ይሆናል። ካልተገኘ በአብዛኞቹ ስቴቶች በ2002 በወጣው ሕግ መሠረት ፕሮቪዥናል የሚባለው ጊዜያዊ የድምፅ ወረቀት ይጠየቅ። ያለ ምንም ድምፅ ወደ ቤት መመለስ የለም። በሚኒሶታ ደግሞ አድራሻውን የሚያሳይ ወረቀት ያጣን ነዋሪ በዚያው የምርጫ ክልል የተመዘገበ መራጭ ሊመሰክርለት ይችላል፤ አንድ ሰው እስከ ስምንት ሰው። ማስፈራራት ወይም ክልከላ ካጋጠመ ከፓርቲ ነጻ የሆነው የመራጮች መብት ስልክ 866-687-8683 ነው።

ይህን ሁሉ የሚያቀልል አንድ ነገር አለ፦ ከመካከላችሁ የምርጫ አስፈጻሚ መኖሩ። ካውንቲዎች ሁልጊዜ ሰው ይፈልጋሉ፣ ይከፍላሉ፣ ያሠለጥናሉ፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ 16 ዓመት የሞላው ተማሪ እንኳ ማገልገል ይችላል። አማርኛ የሚችል ሁለት ልጅ ጣቢያው ውስጥ ካለ የግማሽ ቀን ግርግር አይኖርም።

ካርዱን መልሰው ለሄዱትም ጉባኤው ዕዳ አለበት፤ የዜግነት ትምህርት ይከፈት። ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ወዲህ ያመለከተ ሰው ለሲቪክስ፣ ማለትም ለአሜሪካ ታሪክና መንግሥት ፈተና፣ ከ128 ጥያቄ ያጠናል፤ እስከ 20 ይጠየቃል፣ 12 መመለስ አለበት። 50 ዓመት የሞላቸውና በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖሩ፣ ወይም 55 የሞላቸውና 15 ዓመት የኖሩ የእንግሊዝኛው ፈተና ይቀርላቸዋል፣ ሲቪክሱን በአማርኛ በአስተርጓሚ ይፈተናሉ። 65 ዓመት ከ20 የግሪን ካርድ ዓመት ጋር ያላቸው ደግሞ የሚያጠኑት 20 ጥያቄ ብቻ ነው። ብዙ እናቶች ይህን ሳያውቁ "እንግሊዝኛ አልችልም" ብለው ዓመታት ይቀመጣሉ።

ምርጫው ባለቀ ማግስት ቡድኑ አይበተን። ፊርማው አልገጠመም ተብሎ የተመለሰ የፖስታ ድምፅና የተንጠለጠለ ጊዜያዊ ወረቀት ማረሚያ ጊዜ አላቸው፤ በአንዳንድ ስቴት ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። በፖስታ የመረጡትንና ጊዜያዊ ወረቀት የተሰጣቸውን በዚያው ሳምንት ደውላችሁ "ደብዳቤ መጣ?" በሏቸው። መኪና የጠየቁ ሰዎች ስምና ስልክ ያለበት ወረቀት ውጤቱ ከጸደቀ በኋላ ይቀደድ። የሦስቱ ጥያቄዎች ካርድ፣ የሰዓት ማስታወቂያውና የትርጉም ወረቀቱ ግን ተቀምጠው ይቆዩ፤ ለሚቀጥለው ምርጫ ቀኑና ሕጉ ብቻ ይታረማል።